ሰም የበዛበት ዕቃ

ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣
አንድ ክንድ ተኩል ነው የሱቄ ስፋቱ፤
ግማሹን ይዞታል የተበተነ ስልክ፣
ግማሹን የሰው ጣጣ፣ የሰው መዓቱ።

አራት ዓመት ጎንጅ ቅኔ ቆጥሬ ነው
ሰሙን ልጦ ወርቁን ማየት የለመድሁት፤
ዛሬም ያው ነው ሥራው፤ በመፍቻ ጫፍ ብቻ
የሩቅ ሰው ቋጠሮ ስንቱን ፈታሁት።

ማክሰኞ ማለዳ ጠጅቱ መጣች
ከአይከል፣ በአባዱላ፣ አቧራ ለብሳ፤
የሰሊጥ ነጋዴ ናት፤ የመተማን ዋጋ
ሳታይ የማትቀምስ ቁርስም ሆነ ምሳ።

«አልወደቀ፣» አለች፣ «ውኃም አልነካው፤
ማታ ደህና ነበር፣ ጧት ፊቱን አዞረብኝ፤
ካርታው አይከፈት፣ የዋጋው ሰሌዳ
‹አልተፈቀደልሽም› ብሎ ጻፈብኝ።
ማንን ሰድቤ ነው?»

ከፈትሁት። ባትሪው ደህና፣ ቦርዱ ንጹሕ፤
የነደደ የለም፣ የሻገተ የለም።
ሕመሙ እዚህ አይደል፤
ሕመሙ ያለበት ቤት እኔን አያስገባም።
አካሉን የሠራው አገርና
ነፍሱን የጻፈለት አገር ተጣልተው፣
አንዱ «ነፍሴን መልስ»፣ አንዱ «ሥጋዬን ተው»፣
በጠጅቱ ቦርሳ፣ ከሰሊጥ ናሙናው ጎን፣
ነፍስና ሥጋውን ሄዱ ለያይተው።

«ዝሆኖች ሲጣሉ…» ብዬ ብጀምርላት፣
«ሣሩ ተረገጠ፣ አውቃለሁ!» አለችኝ፤
«ሣር አይደለሁም እኔ፤ ስልሳ ኩንታል ሰሊጥ
መተማ አስጭኛለሁ» ብላ ተቆጣችኝ።

እውነቷን ነው።
ተረቱን ያወጣው ዝሆን ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ሰው ሁለት ስልክ መያዝ ጀምሯል።
የአዘዞው ባለ ባጃጅ፣ እንዳላማው፣
በቀኝ ኪሱ አንዱ ኃያል፣ በግራ ኪሱ አንዱ፤
ደረቱ መሐል ላይ ድንበር አለ መሰል፣
ሲያስል አየሁት ትናንት ቆሞ ከመንገዱ።

የማራኪው ተማሪ አዛናው ደግሞ፦
«‹አገርህን ምረጥ› ይላል፤ ወረድሁ፣ ወረድሁ፤
ከኤስቶኒያ ዘሎ ፊጂ ላይ አረፈ፤
እኔ እንግዲህ የት ነው የተወለድሁ?»

ከደጄ ቀና ስል ግንቡ ይታየኛል።
ሲሠራ የባዕድ እጅ ነበረበት ይላሉ፤ ይሁን፤
ኖራው ግን እዚሁ አገር ነው የነደደ፤
የዚህ አገር ግንበኛ ዳስሶ፣ አሽትቶ፣
አበላሽቶም ለምዶ፣
ሙያው ከአባት ለልጅ ወረደ።
ይህ ዕቃ ግን…
አዲስ መስታወት ገዝቼ ብገጥምለት
«ፊርማህን አላውቅም» ብሎ መለሰኝ።
ፊርማ!
አሥራ አንድ ዓመት የጎንደርን ስልክ ያዳንሁትን ሰው
በገዛ ጠረጴዛዬ ሌባ አደረገኝ።

ባለፈው ሰኔ አንደኞቹ መጥተው አሠለጠኑን፣
በጥቅምት ሌሎቹ፤
ከእነዚያ ኮፍያ፣ ከእነዚህ ካናቴራ።
ንድፉን ስንጠይቅ
ሁለቱም በአንድ ቃል «እሱ አልተፈቀደም»፤
እዚያ ላይ ብቻ አየኋቸው ሲስማሙ።

ማታ አዛናው መጣ፤ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣
ሌላ ነፍስ በፍላሽ ይዞ፤ ጫንንበት።
ሰማንያ በመቶ… ሰማንያ ሦስት…
መብራት ሄደበት።
ከጎሃ ጫፍ ብቻ የአንቴናው ቀይ ዓይን
ይጠቅሰናል፤ ማንን ወክሎ እንደሆነ እንጃ።

ጠጅቱ በጨለማ ባለ ቁልፉን አወጣች፣
መተማ ደወለች፤ ሰማች፤ ዝም አለች።
«ከጧቱ ወርዷል» አለች። ዋጋውን ነው።
በድኑን ትታልኝ ወደ አልቤርጎዋ ሄደች።

ሻማ ለኩሼ ሰሙን ገለጥሁት፤ ሙጫ ነው፣ ብዙ ሙጫ።
ወርቅም አለ፤ የጤፍ ፍሬ እንኳ የማያህል።
መምህሬ ጎንጅ ላይ «ዝረፍ፣ አንተ ልጅ፣ ዝረፍ!»
ይሉኝ የነበረው ቅኔ ነው፤ በዚያ ቤት ዘራፊ ይመረቃል።
እዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን
ዘራፊው ማን እንደሆነ፣ የተዘረፈውስ፣
አራት ዓመት የቆጠርሁት አልበቃኝም።

ጉጠቴን አስቀመጥሁ።